ወረቀቱ ላይ ያልነበረች ቃል

ከላሊበላ እስከ ኮን፣ ከኮን እስከ ኩልመስክ ቢታሰስ የእኔን ጉሮሮ የሚያህል ጉሮሮ አይገኝም። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራም ነው፤ ግን እውነት ያለበት ጉራ ነው። ቅዳሜ ገበያ መሀል ቆሜ «በቅሎ የጠፋበት!» ያልኩ እንደሆነ ብልባላ ያለ ሰው ወጥቶ በቅሎውን ይቆጥራል። አንድ ጊዜ ስለ ክትባት ስለፍፍ፣ ዋሻ ዘግተው የሚጸልዩ አንድ ባሕታዊ የምጽአት መለከት መስሏቸው «ዝግጁ ነኝ ጌታዬ!» እያሉ ወጡ ይባላል። «ይባላል» ያልኩት ያስወራሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ወላጆቼ ያወጡልኝ ስም ደምሌ ነው፤ አገሩ ግን ነጋሪት ይለኛል። ሥራዬም እሱው ነው። የጠፋ ከብት፣ የሞተ ሰው፣ የስብሰባ ቀን፣ የማዳበሪያ ማከፋፈያ ቀን፣ ሁሉንም ሜጋፎኔን አንግቼ እለፍፋለሁ። አንድ ነገር ሲነግሩኝ ሁለት አድርጌ፣ ሁለት ሲነግሩኝ አምስት አድርጌ ነው የማደርሰው። ሰው ደረቅ ወሬ አይሰማም፤ ቅቤ ጣል ማድረግ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጉሮሮ በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ለነፍስ ጉዳይ ተፈለገ። በዚያ ቀን ገበያው ሁሉ ሰማኝ። ባይሰማኝ ይሻል ነበር።

የሳጅን የውብዳርን ሞት የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። ፍሬን ይዞ አጠገቤ ቆመና፣

«ነጋሪት፣ ሳጅንህ አርፋለች አሉ።»

«የቷ ሳጅን?»

«የሕፃናቷ ነቻ! ኮን፣ ወንድሟ ቤት። ከተቀበረች ዐሥር ቀን ሆኗታል።»

መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማን ለፈፈ?» ነው። በዚህ ከተማ እኔ ያልለፈፍኩለትን ሰው ሞት ለማመን ያስቸግረኛል። ሾፌሩ «አይ ነጋሪት!» ብሎ ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለስንት በቅሎና ለስንት ላም የጮኸ ጉሮሮ ለእሷ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አፈር ለብሳለች።

የውብዳር አጭር ሴት ነበረች። ምን ያህል አጭር? ጠመንጃዋን ስታነግት ማን ማንን እንደተሸከመ ለመለየት ጠጋ ማለት ያስፈልግ ነበር። የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ክፍል የምትባለው እሷ ናት። ክፍል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የብረት መደርደሪያና እሷ። የኪሷ ቆሎ አይነጥፍም። የገብስ ቆሎ። ስታስብ አንድ አንድ እያደረገች ትቆረጥማለች፤ ስትናደድ በጭብጥ ትቅማለች። ከሩቅ አይቼ ቀኑ ምን ቀን እንደሆነ ከአቆራጠሟ አውቅ ነበር።

መጀመሪያ የተዋወቅን ሰሞን እንደ ወጉ «ሳጅን፣ እንደምን አደሩ?» አልኳት። ካቀረቀረችበት ቀና አለችና፣

«ማን ነው ያደሩት? እኔ ብቻዬን ነው ያደርኩ።»

«አክብሬዎ ነው እንጂ…»

«አንቱ እያልክ ጡረታዬን አታቅርብብኝ! ሁለተኛ አንቱ በለኝና በስም ማጥፋት ነው የማስርህ።»

ከዚያ ወዲያ አንተ አንቺ ተባባልን። የምትበልጠኝ በአምስት ዓመት ነበር፤ በቁም ነገር ግን በአምሳ።

አንድ ልማድ ነበራት። ልጅ የጠፋባት እናት ወደ ጣቢያው ስትገባ ኮፍያዋን አውልቃ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ኮፍያ ያደረገ ሰው ሲጠይቃት እናት የምትመልሰው ለኮፍያው ነው» አለች። «ለኮፍያ ደግሞ ሰው እውነቱን አይናገርም፤ የሚያስመሰግነውን ነው የሚናገር።»

ከእሷ ጋር ሥራ ያገናኘን በአንድ የልደት በዓል ነው። ከተማችን ላሊበላ፣ እንደምታውቁት፣ በዚያ ሰሞን ከእንግዳው ብዛት እግር ማሳረፊያ ያጣል። ከጎጃም በእግር ከመጡ ተሳላሚዎች አንዷ የአራት ዓመት ልጇን በግፊያው መሀል ከእጇ አጣችው። የውብዳር ልካብኝ መጣሁ። እናቲቱን «ምን ይመስላል?» አልኳትና፣ መልሷን ሳልጨርስ ሜጋፎኔን ከፈትኩ። «ፊቱ እንደ ጨረቃ የሞላ፣ ዓይኑ እንደ ኮከብ የሚያበራ፣ ሲስቅ ጉንጩ የሚሠረጉድ፣ ያየ ሁሉ የሚሳሳለት ሕፃን!» እያልኩ ዞርኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጣቢያው በር ላይ አሥራ አንድ ወንድ ልጅ ተሰለፈ። (ሰባት ነበሩ። አራቱን እኔ ነኝ የጨመርኩ።) አንዱንማ የገዛ አያቱ ናት ይዛው የመጣች፤ «እንዳልከው ነው፣ ኮከብ ነው፣ ይሸለማል ወይ?» ብላ።

የውብዳር ያን ሰልፍ ዐይታ ቆሎዋን በጭብጥ ቃመች። እናቲቱን አስቀምጣ፣ ኮፍያዋን አውልቃ «ቤት ውስጥ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?» አለቻት። እናት «ቡቼ» አለች። «ጠባሳ አለው?» «ጆሮው ሥር፣ ከብት የወጋው።» የውብዳር በዚያ በቀጭን ድምፅዋ «ቡቼ! ቡቼ!» እያለች በተሳላሚዎቹ መሀል አለፈች። ከአንድ ሽማግሌ ጋቢ ሥር አንድ የተኛ ራስ ብድግ አለ።

ስትመለስ ልጁን አቅፋ አጠገቤ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ እግዜር አፍ ሲያድል ሁለት ጊዜ ተሰልፈሃል። ጆሮ ሲያድል ግን የት ሄደህ ነበር?»

«ገበያ» አልኳት።

ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ብዙ ጊዜ አይደለም፤ እኔን የሚያህል ቀልደኛ አጠገቧ ይዛ ይህ ለእኔ ትልቅ ውርደት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ደንቡን አስተማረችኝ። ልጅ ሲጠፋ ወረቀቱን እሷ ትጽፋለች፣ እኔ አነብባለሁ። የሌለበትን አልጨምርም። መልክ አይነገርም፤ እናት ሁሉ የራሷን ነው የምታይ። ልብስም ከመጨረሻው ነው፤ «ልብስ ይወልቃል፣ ጠባሳ አይወልቅም» ትል ነበር። የቤት ስም ይነገራል፤ ልጅ ሲፈራ የመዝገብ ስሙ ይጠፋዋል። ወዴት እንደሄዱ ይነገራል። ያየ ሰው ለማን እንደሚናገር ይነገራል። ማንም ሰው ራሱ እንዳይጋፈጥ ይነገራል። ይኸው ነው።

ሰዓት ላይ ደግሞ ርኅራኄ የላትም። አገራችን ውስጥ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ወሬ አለ፤ ሰው ሲጠፋ ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ ለፖሊስ አይመለከትም የሚል። ይህን የሚል ሰው ጣቢያዋ በር ላይ ከሰማች አበቃ። «ሃያ አራት ሰዓት የሚጠበቅ ሊጥ ነው!» ብላ ትጮኽበታለች። «ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ገና በእግር መንገድ ላይ ናት። ሰው ያያታል። መኪና መንገድ ከደረሰች ግን ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያያት።»

የዚያ ቅዳሜ ነገር እንዲህ ነው።

በዚያ ሰሞን ኔትወርክ የለም። ስልኩ ሁሉ ሰዓት ማያ ሆኗል። ቀደም ሲል የጠፋ ልጅ ፎቶ በስልክ ይዞር ነበር፤ አሁን እሱም ቀርቷል። ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ጣቢያው ገባች። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ለዘበኛው የአንበሳ ታሪክ እነግር ነበር፤ አንበሳው የተገደለው በእኔ ነው። ሴቲቱ ወይዘሮ አለሚቱ ይባላሉ፤ የብልባላ ገበሬ ሚስት ናቸው፣ ጌሾ ሊሸጡ የመጡ። ልጃቸውን ትርንጎን ጌሾው ጋ ትተው እህል ሊያስፈጩ ሄዱ። ሲመለሱ ጌሾው አለ፣ ትርንጎ የለችም። አጠገቧ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ሦስት ሰዎች ክንዷን ይዘው በገደሉ በኩል ሲወስዷት ዐይታለች። አንደኛው ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ልኮ «ልጄ ተማሪ ናት» ተብሎ የተመለሰው የጊዳን፣ የኩልመስክ ሰው ነው።

«ልጄን ጠለፉብኝ! ልጄን ጠለፉብኝ!» ይላሉ ሴቲቱ።

አብሯቸው የመጣ አንድ ዘመድ ነበር፣ ዐዋቂ ነኝ ባይ። «እታለም ዝም በይ፤ ጠለፋ ከሆነ ሽማግሌ ይላካል። ፖሊስም ቢሆን ሃያ አራት ሰዓት…» ሲል የውብዳር ወጣች። ዐየችው። ቃሉን አልጨረሰውም። ዞራ ለእናቲቱ ኮፍያዋን አወለቀችላቸው።

«ስንት ዓመቷ ነው እናቴ?»

«ለሐምሌ ሥላሴ አሥራ ሁለት ይሞላታል።»

«እንግዲያ አልተጠለፈችም» አለች የውብዳር። «የሚጠለፍ የቀሚስ ጥለት ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ትታፈናለች እንጂ አትጠለፍም። እርስዎም ሁለተኛ ያን ቃል አይበሉ፤ ማንም ቢልዎ እሺ አይበሉ።»

ከዚያ ወዲያ ያደረገችው ሁሉ ከአንድ ሲኒ ውኃ መጠጫ ጊዜ አይበልጥም። በሬዲዮ ለጋሸናም ለብልባላም መንገድ ኬላዎች አስተላለፈች፤ ወንድ መኪና ውስጥ ሴት ሕፃን ይዞ ቢገኝ መኪናው እንዲቆም። አንድ ባልደረባዋን ወደ መናኸሪያ፣ አንዱን ወደ ቤተ ክህነት ላከች። ወደ እኔ ዞረች።

«የመኪናው መንገድ ተይዟል። እነሱ ግን ሞኞች አይደሉም፤ በአቡነ ዮሴፍ ዳገት በእግር ነው ወደ ኩልመስክ የሚሻገሩ። እዚያ ሬዲዮም የለኝ፣ ሰውም የለኝ። ያለኝ ገበያተኛው ብቻ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ይበተናል፤ በየመንገዱ ሁሉ ዓይን ሆኖ ይበተናል። ከመበተኑ በፊት ይስማ። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

ወረቀቱን ሰጠችኝ። ጽሕፈቷ እንደ ብራና ነው። አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ «አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ታፍናለች። ስሟ ትርንጎ ነው፤ እናቷ ‹ዓይኔ› ትላታለች። በግራ ቅንድቧ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። ሦስት ወንዶች በእግር እየወሰዷት ነው። ያያችሁ አትጋፈጡ፤ ወዴት እንደሄዱ አይታችሁ በቅርብ ላለ ሚሊሻ ወይም ለጣቢያው ፈጥናችሁ ንገሩ።»

ገበያ መሀል የቆመ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። እሷ ከታች ቆማለች፣ ወይዘሮ አለሚቱ ከጎኗ። ገበያው እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል፤ አህያው፣ ፍየሉ፣ ሚዛኑ፣ ክርክሩ። ሁለት ጊዜ «ስሙ! ስሙ!» አልኩ፣ ማንም ዞር አላለም። ባትሪውም ደክሟል። በልቤ «ይህን ሕዝብ በአንድ ቃል ነው ማዞር» አልኩ። ወረቀቱን ዐየሁ። አፌ ግን ወረቀት አያይም፤ የለመደውን ነው የሚያወጣ። በሙሉ ጉሮሮዬ፣ ባሕታዊውን ከዋሻ ባስወጣው በዚያ ጉሮሮ፣

«የብልባላዋ ትርንጎ ተጠልፋለች!» አልኩ።

ገበያው ዞረ። ጸጥ አለ። እውነቴን ነው፣ አህያው ሳይቀር ጸጥ አለ።

በእኛ አገር «ልጅ ታፈነች» ከተባለ ሰው የሚጠይቀው «ወዴት?» ብሎ ነው። «ተጠለፈች» ከተባለ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። አንድ በትረኛ ሽማግሌ ከእህል ተራ ቀና ብለው «ለማን?» አሉ።

«ማነው ጀግናው?» አለ አንዱ ጎረምሳ ከበግ ተራ።

«ዘንድሮ ድግስ ተወዶ፣ ምን ያርግ ወንድምአለም!»

ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅሁ። ሰው ሲስቅ አፌ ራሱ ይከፈታል፤ ልማድ ነው። ወደ ታች ሳይ የውብዳር እየሳቀች አይደለም።

እንዴት አድርጋ በዚያ ቁመቷ አይሱዙው ላይ እንደወጣች አላውቅም። ሜጋፎኑን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ታፍናለች! ሕፃን ናት! ታፍናለች! ወደ ዳገቱ የምትሄዱ፣ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያለባት…» ብትል፣ ድምፅዋ እንደ ክር ነው፣ ባትሪውም እየሞተ ነው። ሽማግሌው ወደ እህላቸው ተመልሰዋል። አህያው ጀምሯል። አንድ ጊዜ «ሠርግ ነው» ያለ ገበያ ሁለተኛ «ለቅሶ ነው» ብትለው አይሰማም። ሁሉንም አነበበች፣ ሁለት ጊዜ። ቀና ብለው የሰሟት ምናልባት ሃያ ሰው ይሆናሉ። ይህን ቁጥር አልጨመርኩበትም።

ስምንት ሰዓት ላይ ገበያው ተበተነ።

የውብዳር በዚያው ቀን ሁለት ሚሊሻ ይዛ ዳገቱን ወጣች። ሦስት ቀን ቆየች። ኩልመስክ ደርሳ የዚያን ሰው ቤት ከነጎረቤቱ አስፈተሸች፤ የለም፣ አልመጣም፣ አናውቅም። እዚያ ሄደዋል ቢሏት እዚያ ሄደች፣ እዚህ ታዩ ቢሏት እዚህ። በአራተኛው ቀን ስትመለስ የጫማዋ ሶል በሲባጎ ታስሯል። ዳገቱ ወገብ ላይ ጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት አግኝታ ቃሏን ተቀብላ ነው የመጣች። እኔ ባለሁበት ለጸሐፊው አነበበችለት። ሴትየዋ ያለችው እንዲህ ነው፤

«ቅዳሜ ገበያ ውዬ ቤቴ ገባሁ። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅለው መጡ። ልጅቱ ውኃ ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ዓይኗ አብጧል። ገበያ ላይ ነጋሪት ተጠለፈች ሲል ሰምቼ ነበርና ‹ይቺው ናት› አልኩ በልቤ። ሙሽራ ደግሞ ማልቀሷ ወግ ነው። እልል አልኩላት።»

የውብዳር አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጠፈችው። ወደ እኔ አላየችም። ቆሎም አልበላችም። እኔ ቀልድ ፈለግሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈልጌ አጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዚያ ሰው ወገን የተላኩ ሽማግሌዎች መጡ። ነጫጭ ጋቢ የለበሱ፣ የተከበሩ ሰዎች፤ የአንዳቸውን እግር እኔም ስሜ ነው የማልፈው። የውብዳር ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው፣ እሷ ቆመች።

«ልጄ፣ የሆነው ሆኗል» አሉ ትልቅየው። «እኛ ነገሩን በወግ እንጨርሰው ብለን ነው።»

«አባቶቼ፣ ልጅቱን ይዛችሁ መጥታችኋል?»

«እሱ በኋላ ይደርሳል። አስቀድሞ እርቁ።»

«አስቀድሞ ልጅቱ።»

«የልጅቱ አባት እሺ ብሏል እኮ። ክሱንም አንሥቷል።»

«አባትየው ያነሣው የራሱን ከሆነ ያንሣ። ይህ ክስ የመንግሥት ነው። እኔም ብሆን ላነሣው አልችልም፤ ብችልም አላነሣው።»

ትልቅየው በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ በሐዘን፤ ስድብ አልነበረም፣ በእውነት ጠፍታባቸው ነው። «የኮን ልጅ ነኝ» አለች። ወጡ። ትርንጎን ግን ማንም ይዞ አልመጣም። ቆላ ወርዳለች ተባለ። ባሕር ተሻግራለች ተባለ። ሞታለችም ተባለ። የውብዳር የተባለውን ሁሉ ጻፈች፤ ቀኑን፣ ያለውን ሰው ስም፣ ከማን እንደሰማ። ወሬውን ሁሉ እግር በእግር ተከተለችው፤ ወሬው ሁሉ አንድ ቦታ ሲደርስ እንደ በጋ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ስድስት ሰዓት ላይ ገበያ ትመጣ ነበር። ያንኑ ወረቀት ትሰጠኛለች፣ አነብባለሁ፤ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ከጎኔ ትከተላለች። ክረምት ከበጋ። አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አንዲት ቃል አልቀንስም። በየዓመቱ ለሐምሌ ሥላሴ ዕድሜውን ሰርዛ ትጽፋለች፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። ገበያተኛው መጀመሪያ ያዳምጥ ነበር፤ በኋላ ሰለቸው። በኋላም ቀልድ ሆንን።

«አንተ ነጋሪት፣ ትርንጎ እኮ ይኸኔ ወልዳ ልጇን ታስተኛለች! አሁንም ሕፃን ትላለህ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሰው በሦስት ቃል ገበያው መሀል አራግፌ እሰደው ነበር። አሁን ግን ወረቀቱን አነብባለሁ።

ወይዘሮ አለሚቱ በየቅዳሜው ከአይሱዙው ጎማ ሥር ተቀምጠው ይሰማሉ። ጌሾ ያመጣሉ፣ አይሸጡትም ማለት ይቻላል። ስጨርስ ቀሚሳቸውን አራግፈው ይነሡና «ዛሬ ድምፅህ ጥሩ ነበር» ይሉኛል። ስንት ዓመት ሰው ድምፄን እንዲያመሰግን ስፈልግ ኖርኩ። ያን ምስጋና ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። የውብዳር ያን ቃል ያወጣው ማን እንደሆነ ለሴቲቱ አንሥታ አታውቅም። እሳቸውም ቆመው ሰምተዋል፤ ግን የሰሙት ራሳቸው ሲሉት የነበረውን ቃል ነውና ምንም አልታያቸው።

በሦስተኛው ዓመት የውብዳር ሆዷን መታመም ጀመረች። ቆሎው ቀረ። ወገቧ ላይ ቀበቶዋን አንድ ቀዳዳ፣ ሁለት ቀዳዳ እያጠበቀች፣ በመጨረሻ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳችለት። ሐኪም ደሴ ሂጂ ብሏት ሄዳ ተመለሰች፤ የነገሯትን አልነገረችኝም። ፈቃድ ወስዳ ወደ ኮን ልትሄድ ባለችበት ቀን ከጣቢያው ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ፣ ተቀምጣ አገኘኋት። ኮፍያዋ ጭኗ ላይ ነው። ያን ጊዜ አላስተዋልኩም።

ላስቃት ብዬ ስለ አንበሳው ጀመርኩ። አንበሳው በዚያ ቀን ሁለት ሆኗል።

«ደምሌ» አለች። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

«አቤት።»

«ወረቀቱ ላይ ታፍናለች ነው የሚለው። አንተም ማንበብ ትችላለህ። ሌላኛዋን ቃል ከየት አመጣሃት?»

«አፌ ነዋ! ሁለት ጊዜ ተሰልፌ የወሰድኩት…»

«አፍ ከልብ የተረፈውን ነው የሚያወጣ። እኔ ሦስት ዓመት አስቤዋለሁ። ሕዝቡን ማዞር ስትፈልግ ያቺን ቃል የመረጥክ፣ ለአንተ ደስ የምትል ቃል ስለሆነች ነው። ለገበያውም እንደዚያው። ለአንተ ግን ለምን?»

የሜጋፎኔን ማንገቻ እፈታ እቋጥር ጀመር። እኔ ዝም ስል ማየት ቢያስከፍል ሰው ከሩቅ አገር ይመጣ ነበር።

«እቴነሽን ስታገባት ስንት ዓመቷ ነበር?» አለች።

እቴነሽ ባለቤቴ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል፣ አራት ልጆች ወልደናል። እሷን ያመጣሁበትን ታሪክ በየድግሱ እየሳቅሁ ነው የማወራው፤ በቅሎው፣ ሁለቱ ጓደኞቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ የጣለብን ዝናብ። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። እቴነሽ ታሪኩ ሲጀመር እንጀራ ልታመጣ፣ ውኃ ልትቀዳ ትወጣለች፤ ሲያልቅ ትመለሳለች። ለምን እንደምትወጣ ጠይቄያት አላውቅም። የውብዳር ቤቴ ድግስ ላይ ሁለት ጊዜ ተገኝታለች። ታሪኩን ሰምታለች፤ ስትወጣም ዐይታታለች።

«አሥራ ስምንት» አልኳት።

ትንሽ ዐየችኝ። ኮፍያዋን አንሥታ አደረገችና፣ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተነሣች። የመኪናዋ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ እስከ መናኸሪያው ቦርሳዋን ይዤላት ሄድኩ። ስለ ምን እንዳወራን አላስታውስም፤ ስለ መንገዱ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ፋይሉ የብረት መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው ይባላል። ያን ወረቀት የሚሰጠኝ ስለሌለ ቅዳሜ ስለ ትርንጎ ማንበብ ከቀረ ሰንብቷል። በቃሌ ስለማውቀው ያለ ወረቀትም ልለው እችል ነበር፤ አላልኩትም። ወይዘሮ አለሚቱ የመጡ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲሆን ወደ ሌላ ተራ እሄዳለሁ።

እቴነሽ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እኔ ሃያ ስድስት።